ወረቀት ያለው ተከላካይ

ነሐሴ 13 ቀን ሙልሙል የሚጋገርለት፣ ጅራፍ የሚጮህለት ተራራ በምድር ላይ አለ። ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የስሜን ሰው ቢያየው ተራራ ብሎ መጥራቱ ልግስና ይሆናል። ከአናቱ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያማተረ ሰው የኢይዝራኤልን ሸለቆ ያያል፤ በሸለቆው መሃል ደግሞ አፉላን።

አፉላ አል ፉላ በተባለ የዐረብ መንደር ቦታ ላይ በ1925 የተቆረቆረች ከተማ ናት (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ የፈረንጅ ነው)። መሬቱን የገዛው አሜሪካን ዛየን ኮመንዌልዝ የተባለ፣ ከአሜሪካ አይሁዶች ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት ነበር። ንድፉን ሪቻርድ ካውፍማን አወጣ፤ የሸለቆው ዋና ከተማ ትሆናለች ተባለ። ሆና የተገኘችው ግን መንገደኛ አውቶቡስ የሚቀይርባት፣ የሱፍ አበባ ፍሬ ገዝቶ እየፈለፈለ የሚያልፍባት የመስቀለኛ መንገድ ከተማ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ስለሰፈሩባት አማርኛ የሚሰማባት ከተማም ሆናለች።

ክለቧ ሀፖኤል አፉላ ይባላል። «ሀፖኤል» ማለት «ሠራተኛው» ማለት ነው፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ከሂስታድሩት ጋር አብረው ያደጉ ክለቦች ሁሉ የሚጋሩት ስም ነው። ቡድኑ በቅርብ ዓመታት በአብዛኛው የተጫወተበት ሊጋ ሌኡሚት በትርጉሙ «ብሔራዊ ሊግ» ቢሆንም ደረጃው ሁለተኛ ነው። እስከ 1999 የአገሪቱ ቁንጮ ሊግ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከላዩ አዲስ ሊግ ሲመሠረት ስሙን እንደያዘ አንድ እርከን ወረደ። ማዕረጉ ሳይነካ ወንበሩን እንደተነጠቀ ሹም ማለት ነው።

እንዲህ ባሉ የእስራኤል ሊጎች ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ተከላካይ ምን ይሠራል? ጥያቄው እንደሚመስለው የእግር ኳስ ብቻ አይደለም። መልሱ ያለው ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሚያውቀው አንድ ቃል ውስጥ ነው፤ ወረቀት። «ወረቀት አገኘች»፣ «ወረቀቱ ገና ነው» ስንል የምንናገረው ስለ አንድ ሰው ዕጣ ነው። ከክለብ ክለብ የሚዞረው ተከላካይም ከእግሩ እኩል የሚያጫውተው ይኸው ነው።

ምክንያቱ ከሒሳብ የመጣ ነው። አብዛኛው ሊግ አንድ ክለብ ስንት የውጭ ዜጋ ማስመዝገብ እንደሚችል ይወስናል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ክለቡ ይሰስታል፤ የሚገዛው ጎል የሚያገባለትን ወይም ኳስ የሚያቀብልለትን ነው። በእኛ ሊግ የውጭ ተጫዋቾችን ስም ጥሩ ቢባል ወደ አፋችን የሚመጡት አጥቂዎችና ግብ ጠባቂዎች ናቸው፤ ለዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን በር የጠበቀው ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ አንዱ ነው። የግራ መስመር ተከላካይ ለማምጣት የውጭ ኮታውን የሚያባክን ክለብ ግን ብዙ አይደለም። ስለዚህ መካከለኛ ችሎታ ያለው ተከላካይ ባሕር ተሻግሮ መቀጠር ከፈለገ የሚበጀው በሄደበት እንደ አገር ልጅ መቆጠር ነው። አያቱ፣ እናቱ ወይም የአባቱ ሃይማኖት ትራንስፈር ማርኬት ላይ ዋጋ የሚያወጡት በዚህ ጊዜ ነው።

የቤልጅየሙ ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ይህን አባባሰው። ቦስማን የአውሮፓ ኮከብ አልነበረም፤ ውሉ አልቆ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ሲል አርኤፍሲ ሊዬዥ የዝውውር ገንዘብ ካልተከፈለኝ አልለቅም ያለበት ተራ ተጫዋች ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሁለት ነገር በየነ። ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ይሄዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋም በኅብረቱ አገሮች እንደ ባዕድ አይቆጠርም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የጣሊያን አያት ያለው አርጀንቲናዊ አያት ከሌለው ጓደኛው ይልቅ ተፈላጊ ሆነ።

እስራኤል ደግሞ ከብዙ አገር የሰፋ በር አላት። በ1950 የወጣው የመመለስ ሕግ የትኛውም አይሁዳዊ መጥቶ ዜጋ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ በ1970 ሲሻሻል ልጅና የልጅ ልጅንም ጨመረ። ሕጉ የወጣው ከዕልቂት የተረፉ ሰዎች መጠጊያ እንዳያጡ ነው፤ ኳስን ያሰበ አልነበረም። ቢሆንም አባቱ አይሁዳዊ የሆነ የካሊፎርኒያ ልጅ እንደማንኛውም የኔታንያ ወይም የአፉላ ልጅ ከኮታ ውጭ የሚሰለፍበትን መንገድ ከፈተ።

ዮናታን ቦርንስታይን እንዲህ ያለ ልጅ ነው። አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ሜክሲኳዊት፣ እሱ ራሱ ደግሞ በ1984 ሎስ አንጀለስ አካባቢ የተወለደ አሜሪካዊ። በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ አጥቂ ነበር። በ2006 ሜጀር ሊግ ሶከር የኮሌጅ ልጆችን በተራ ሲያከፋፍል ቺቫስ ዩኤስኤ የወሰደው በአራተኛው ዙር፣ በ37ኛ ቁጥር ነው። በዚህ አሠራር ተጫዋች ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቡ ይመርጠዋል። በአራተኛ ዙር የሚመረጥ ልጅ ዘንድሮን ካለፈ እሰየው የሚባልለት ነው። በዚያ ዘመን የሊጉ የታችኛው እርከን የዓመት ደመወዝ 13 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር፤ በሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ ይህ የምጽዋት ያህል ነው።

አሰልጣኙ ቦብ ብራድሌይ ነበር፣ እኛ ከዓመታት በኋላ በግብፅ ብሔራዊ ቡድን ወንበር ላይ ያየነው ሰው። ቦርንስታይን በዚያ ዓመት ከፊት መስመር ወደ ኋላ ወረደና የግራ መስመር ተከላካይ ሆነ። የአጥቂ ወረፋ ረጅም ነው፤ የግራ መስመር ወረፋ ግን የትም አገር አጭር ነው፤ እኛም ዘንድ አሰልጣኝ ሁሉ «ግራ እግር» እያለ ሲፈልግ ይውላል። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ 37ኛው ልጅ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ብራድሌይ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሲሆን ጥር 2007 ዴንማርክን ሲገጥሙ አሰለፈው፤ በመጀመሪያ ጨዋታውም ጎል አገባ።

እስከዚህ ድረስ መልካም ሥራ ያገኘ ሰው ታሪክ ነው። ስሙን ያስቀረው ግን አንዲት የማዕዘን ምት ናት።

ጥቅምት 14 ቀን 2009፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ላይ ከኮስታ ሪካ ጋር ተጫወተች። አሜሪካ ለደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ አስቀድማ አልፋለች፤ ጨዋታው ለእሷ ምንም አይደለም። ለኮስታ ሪካ ግን ካሸነፈች ማለፊያ ነው። ለሦስተኛ አገርም፣ ለሆንዱራስ፣ የሞት ሽረት ነበር። ሆንዱራሶች ሳን ሳልቫዶር ላይ ኤል ሳልቫዶርን 1 ለ 0 አሸንፈው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው የሌላ ሰው ውጤት መጠበቅ ብቻ ነው። ከ1982 ወዲህ የዓለም ዋንጫ ደጅ አልረገጡም። ፕሬዚዳንታቸው ከሦስት ወር ተኩል ገደማ በፊት በመፈንቅለ መንግሥት ተወግደው አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ኮስታ ሪካ በብራያን ሩዊዝ ሁለት ጎሎች 2 ለ 0 መራች። በ70ዎቹ ደቂቃዎች የአሰልጣኙ ልጅ ማይክል ብራድሌይ አንድ አስመለሰ። ወደ መጨረሻ ግዙፉ የመሃል ተከላካይ ኦጉቺ ኦንየዉ ጉልበቱ ተጎዳና በቃሬዛ ወጣ፤ አሜሪካ ሦስቱንም ቅያሪ ጨርሳ ስለነበር በ10 ሰው ቀረች። በባከነው ሰዓት አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሮቢ ሮጀርስ የማዕዘን ምት መታ። ቦርንስታይን፣ ከቡድኑ አጫጭሮቹ ተርታ የሚቆመው የግራ መስመር ተከላካይ፣ በግንባሩ ገጨው። 2 ለ 2።

ሆንዱራስና ኮስታ ሪካ እኩል 16 ነጥብ ያዙ፤ በጎል ልዩነት ሆንዱራስ አለፈች። ኮስታ ሪካ ከኡራጓይ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ውስጥ ገብታ ተሸነፈች። ቴጉሲጋልፓ ላይ በሌሊት አደባባይ የወጣው ሕዝብ ሲጠራው ያደረው ስም የገዛ ልጁ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሆንዱራስን ማሊያ ያልለበሰ የካሊፎርኒያ ተከላካይ ስም ነው።

ይህን ስሜት ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሬዲዮ ጆሮ ላይ ለጥፎ የሌላ ሜዳ ውጤት እየጠበቁ መደመርና መቀነስን የተማርነው ከኳስ ነው። የገረመኝ ቀኑ ነው። ልክ ሦስት ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 ረቱ። ኻርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ ባገቡት ሦስት ጎል ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። የእኛን የዚያን ምሽት አስታውሶ በምትኩ ጎል አግቢው የጅቡቲ ተከላካይ ቢሆን ኖሮ ብሎ ያሰበ ሰው ሆንዱራስን ያገኛታል።

ቦርንስታይን ደቡብ አፍሪካ ላይ ሁለት ጨዋታ በመጀመሪያ አሰላለፍ ገባ፤ አልጄሪያን በባከነ ሰዓት የረቱበትንና በተጨማሪ ሰዓት በጋና የተሸነፉበትን። ያኔ 25 ዓመቱ ነው። ተርታው ሰው ከዚህ ወዲያ ሽቅብ መውጣት ነው ብሎ ያስባል። የተከላካይ ሕይወት ግን እንዲህ አይሄድም።

የሄደው ወደ ሞንቴሬዩ ክለብ ወደ ቲግሬስ ነው። እናቱ ሜክሲኳዊት መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀመው፤ በሜክሲኮ ሊግ የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበ ነውና። ወረቀቱ በር ከፈተለት፤ ሜዳ ግን አላስገባውም። ቲግሬስ በ2011 መጨረሻ ሻምፒዮን ሲሆን እሱ ብዙውን ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር አላለፈም። ከብሔራዊ ቡድኑም ቀስ በቀስ ጠፋ። በውሰት ካንኩን ወደነበረው ወደ አትላንቴ ተላከ። ውሰት የሚለው ቃላችን ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ እንደ ምጣድ ነው፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ይመለሳል፣ ካልፈለገውም እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ቄሬታሮ ሄደ፤ እዚያ ከሮናልዲንሆ ጋር በአንድ ማሊያ ተጫወተ። የዓለም ምርጥ የነበረው ሰው ለአንድ የውድድር ዘመን ያህል መጥቶ ስታዲየም ሞልቶ ሄደ። ቦርንስታይን ቆየ። ክለብ ኮከብን የሚቀጥረው ትኬት እንዲሸጥለት ነው፤ ተከላካይን የሚቀጥረው ግን ማክሰኞ ልምምድ ላይ፣ ቅዳሜ ሜዳ ላይ እንዲገኝ ነው፤ የኋለኛው ውል አንዳንዴ ይረዝማል።

በ2018፣ በ33 ዓመቱ፣ ሁለተኛውን የቤተሰብ በር አንኳኳና ማካቢ ኔታንያ ገባ። እስራኤል አዲሱ አልነበረችም፤ በ2005 በአይሁድ ስፖርተኞች ጨዋታ በማካቢያ ተሳትፏል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የእናት ደም ሞንቴሬይ፣ የአባት ደም ኔታንያ አድርሶታል።

ኔታንያ ከአፉላ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ናት፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ። ከእስራኤል ከተሞች ሁሉ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው አንዷ ስለሆነች የእኛ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል።

በ1992 መጨረሻ ኔታንያ ውስጥ ከኢትዮጵያ ከመጡ ቤተሰቦች ኤሊ ዳሳ ተወለደ። የዚያን ትውልድ ወላጆች ያስገባው ወረቀትም ያው የመመለስ ሕግ ነው፤ ብቻ ለእነሱ ቶሎ አልሠራም። ሕጉ ወጥቶ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ወይስ አይደሉም ሲባል ኖረ። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ናቸው አሉ፤ መንግሥት በ1975 ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ነው የሱዳን በረሃ፣ በ1984 የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የወሰደው የሰለሞን ዘመቻ የመጣው። ለካሊፎርኒያው ልጅ የሥራ ፈቃድ ያህል የቀለለው ሕግ፣ ከጎንደር መንደሮች በእግራቸው ለተነሡት መንገድ ላይ ዘመድ የሚቀበርበት ነበር።

ዳሳ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። ከ2010 ጀምሮ አምስት ዓመት ለቤይታር ኢየሩሳሌም ተጫወተ። ቤይታር ዐረብ ተጫዋች አለማስፈረሙን የሚኮሩበት ደጋፊዎች ያሉት ክለብ ነው፤ በ2013 ሁለት ሙስሊም ቼቼኖች ሲፈርሙ የክለቡ ቢሮ ተቃጥሏል። ጥቁር ቆዳ ያለው የ20 ዓመት ተከላካይ በዚያ ማሊያ ሲሮጥ ምን እንደሚሰማው መገመት እችላለሁ፤ ግን ግምቴን በእሱ አፍ አልጨምርም። በ2015 ማካቢ ቴል አቪቭ ወሰደው፣ በዚያው ዓመት ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ በኋላም የአምበልነቱን ክንድ ማሰሪያ ያሰረ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተወላጆች ልጅ ሆነ። ከእሱ በፊት መንገዱን የጠረገው ኢትዮጵያ ተወልዶ አሽዶድ ላይ ኳስ የጀመረው ባሩክ ዴጎ ነው፤ በ2004 በማካቢ ቴል አቪቭ ማሊያ በቻምፒየንስ ሊግ ጎል አግብቷል። ግን ዴጎ አማካይ ነበር፤ የአማካይ ጎል ይታወሳል። ተከላካይ ለመታወስ አምበል መሆን ይኖርበታል።

ሌላው የእኛ ሰው ዋሊድ አታ ነው። ሳውዲ ዐረቢያ ተወልዶ ስዊድን ያደገ የመሃል ተከላካይ፤ በ2009 ከአይኮ ጋር የስዊድንን ሊግና ዋንጫ አንድ ላይ አነሣ። ዲናሞ ዛግሬብ፣ ሄልሲንቦርግ፣ ሄከን፣ የቱርኩ ገንችለርቢርሊጊ የእሱ የሥራ ታሪክ ገጾች ናቸው፤ በመሃሉም ለዋልያዎቹ ተሰልፏል። ከክለብ ክለብ መዞር ሲባል በእኛ አገር እንደ ነውር ይታያል፤ «አንድ ቦታ አይረጋም» እንላለን። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ሌላ አገር፣ ሌላ አሰልጣኝ፣ ሌላ ቋንቋ ባለው መልበሻ ክፍል ውስጥ እየገቡ ቦታን ማስከበር ችሎታ ነው።

የኢትዮጵያ ወረቀት ግን ጠባብ ነው። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ የኢትዮጵያ ተወላጅ መታወቂያ ይሰጠዋል፣ ሕዝቡም «ቢጫ ካርድ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ኳስ ወዳጅ ሳይሆን አይቀርም። በቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖርና መሥራት ይቻላል። ለብሔራዊ ቡድን መሰለፍ ግን ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገው አማካይ ጌዲዮን ዘላለም በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ፤ በ2015 ፊፋ ሲፈቅድለት በዓለም ወጣቶች ዋንጫ ለአሜሪካ ተጫወተ።

በሌላ በኩል እዚሁ ያለው ተከላካያችን ወረቀት ባያስፈልገውም ገበያው ያጥረዋል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይለፍ ብሎ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ጣሪያ የሚነካው አናት ላይ ያለውን ነው፤ ደመወዙ ለወራት ሲዘገይበት የሚኖረውን የታችኛውን ክለብ ተከላካይ ጣሪያው አልነካውም፣ ወለሉ ነው የጎደለበት። የኔዘርላንድስ ሊግ ተገላቢጦሹን ያደርጋል። ለውጭ ተጫዋች ኮታ የለውም፤ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነን ጎልማሳ ተጫዋች የሚቀጥር ክለብ ከሊጉ አማካይ ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፍል ይገደዳል። ሐሳቡ ርካሽ ባዕድ መጥቶ የአገሩን ልጅ እንዳያፈናቅል ነው። ስለዚህ በእስራኤል ፓስፖርት ብቻ የኔዘርላንድሷ አርንሄም የሚደርስ የቀኝ መስመር ተከላካይ ውድ ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ክለቡም በእርግጥ ካልፈለገው በቀር አይነካውም።

የአርንሄሙ ክለብ ፊቴሴ ዳሳን ፈለገው። በ2018/19 የውድድር ዘመን እሱ ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር የእስራኤል ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ በዚያው ሊግ፣ በዚያው ዘመን፣ ቦርንስታይን በዳሳ የትውልድ ከተማ ክለብ ግራ መስመር ላይ ነበር። በ2019 ክረምት ሁለቱም አገሩን ለቀቁ። የኔታንያው ልጅ በ26 ዓመቱ ወደ ኔዘርላንድስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ ተጫዋች ሆኖ ለመቆጠር። የካሊፎርኒያው በ34 ዓመቱ ወደ ቺካጎ ፋየር፣ የእናቱንም የአባቱንም ወረቀት ማንም ወደማይጠይቀው ሊግ፤ እዚያም እስከ 2022 ተጫወተ።